ክረምቱ ሲወጣ፦ የመስከረምና የጥቅምት የጓሮ ሥራ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የደጋ ከተሞች ለጓሮ አትክልት እንደ መስከረም መጨረሻና እንደ ጥቅምት የሚመች ጊዜ የለም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አፈሩን አጥግቦታል፣ ፀሐይ ተመልሳለች፣ ቲማቲምና ድንች ላይ የሚወርደው የዝናብ ወራት በሽታ ረገብ ብሏል፣ ውርጩም ገና አልደረሰም። በቀን መቁጠሪያችን ክረምት መስከረም 25 ቀን ያልቅና በማግሥቱ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ የጓሮው ሥራም አብሮ ይገባል። ችግሩ ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። አፈሩ ጭቃነቱን ጨርሶ ገና ድንጋይ ሳይሆን የሚቆይባት ጊዜ በቀይ አፈር ሦስትና አራት ሳምንት ልትዘልቅ ትችላለች፤ በመረሬ ግን ሁለት ሳምንት ከሞላች ጥሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከጓሮ የሚበላ ሰው እነዚያን ቀናት አያሳልፍም።

አፈሩን በእጅ ሳይፈትኑ ዶማ አያንሡ

እርጥብ አፈር መቆፈር የዓመቱን ሥራ ያበላሻል። ዶማው የገለበጠው ጭቃ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ አየርና ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሥር አይገባበትም፣ ያጠጡትም ውሃ ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል። በቦሌ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል በሚበዛው ጥቁር መረሬ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈር ቶሎ ስለሚጠነፍፍ ቀለል ይላል፤ እሱም ቢሆን ግን መፈተን አለበት።

ፈተናው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ያውጡና በመዳፍዎ ጨብጠው ያድቦልቡሉት። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። ድቡልቡሉ እንደ ደረቀ ጭኮ ተፈርክሶ ከተበተነ ቀኑ ደርሷል። የጣትዎን አሻራ ይዞ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ፣ ላዩም ካብለጨለጨ፣ ሦስት ቀን ቆይተው እንደገና ይሞክሩ። ጨርሶ አልጨበጥም ብሎ በጣት መካከል ከፈሰሰ ደግሞ ዘግይተዋል፤ ማታ በደንብ አጠጥተው ከአንድ ቀን በኋላ ይቆፍሩ። ላዩ ደርቆ ታቹ ጭቃ የሆነ ቦታ ስለሚያታልል፣ በአካፋ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርደውም ይፈትኑ።

እስኪጠነፍፍ ድረስ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ውሃ የተኛበት ቦታ ካለ በታችኛው በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቀደድለት። አትክልት የሚተከልበትን መሬት አይርገጡ፤ መተላለፊያ ከሌለ ሳንቃ ጣል አድርገው በዚያ ላይ ይሂዱ።

አረሙና የክረምቱ ትርፍራፊ

አረም በደንብ የሚነቀለው አፈሩ እርጥበት ሳለ ነው። ቱልትና አሜኬላ ሥራቸው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ከግንዱ ሥር ይዘው ቀስ ብለው ካልሳቡት ይበጠስና ከቀረው ያቆጠቁጣል። ሰርዶ የብዙዎች መከራ ነው፤ ምክንያቱም በዶማ እየቆራረጡ ይቀብሩታል። እያንዳንዱ ቁራጭ አንጓ እስካለው ድረስ አዲስ ሰርዶ ነው። መሬቱን በሹካ መቆፈሪያ ፈታ አድርጎ፣ ክሩን እስከ ጫፉ ተከትሎ አውጥቶ፣ ቆርቆሮ ወይም ድንጋይ ላይ ዘርግቶ አንድ ሳምንት ፀሐይ ማስመታት ነው መድኃኒቱ። እንግጫም ከሥሩ ያለችው ትንሽ ፍሬ ካልወጣች በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይመጣል።

አደይ አበባ ጥግ ላይ ካለ ይተዉት። ንብ ይጠራል፤ የዱባው አበባ ፍሬ የሚይዘው በዚያው ንብ ነው። አበባው ጠውልጎ ዘሩ ከመርገፉ በፊት ቢነቅሉት መደቡን አይወርርም።

እሸቱ የተበላለት የበቆሎ አገዳ በስንዝር ልክ ተቆራርጦ ለብስባሽ ይሄዳል። የክረምቱ ጎመን ጉቶ ግን ከነሥሩ ይነቀል፤ ክሽክሽ የሚቆየው በእሱ ላይ ነውና አዲሱ ጎመን ሲተከል ቀድሞ የሚወርሰው ያ ነው። ድንች የተቆፈረበትን ቦታ ደግሞ እንደገና ፈትሹት፤ አፈር ውስጥ የቀረች ትንሽ ድንች ወፍ ዘራሽ ሆና በቅላ በሽታውን ለቲማቲሙ ታስተላልፋለች።

ለብስባሽ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም፤ ለምለሙም ደረቁም በአንድ ላይ የሚገኘው አሁን ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጥላ ቦታ ይምረጡ። ከታች አየር የሚያስገባ ጭራሮ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል፤ በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር (ገለባ፣ አገዳ፣ ደረቅ ቅጠል)፣ ቀጥሎ 20 ሳንቲ ሜትር ለምለም (አረም፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ)፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር እበት ወይም ፍግና ጥቂት አፈር። ውሃ እየረጩ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ እስኪደርስ ይደራርቡታል። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ይሰኩና ዙሪያውን በአፈር ወይም በላስቲክ ይሸፍኑት። ከሳምንት በኋላ እንጨቱን መዘው ይንኩት። ሞቅ ብሎ ከወዛ እየሠራ ነው። ቀዝቅዞ ከደረቀ ውሃ ይጠማል። ከገማ ውሃ በዝቶበታልና ደረቅ ገለባ እየጨመሩ ይገልብጡት። በየወሩ አንዴ ከተገለበጠ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፤ ለበልግ ተከላ ማለት ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል፣ ዘይት፣ አጥንትና የታመመ ቲማቲም አይግቡበት።

ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» የሰፈሩ ቅጠል ሁሉ ተጠርጎ ይነዳል። ልማዱ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ መጥረጉም ደግ ነው። ነገር ግን ቅጠል፣ አገዳና ሣር ሲቃጠል የሚጠፋው የዓመቱ ማዳበሪያ ነውና እነሱ ለብቻ ተለይተው ወደ ብስባሹ ይሂዱ። ጎረቤትም አውጥቶ ሊያቃጥለው ያከማቸውን ደረቅ ቅጠል ቢጠየቅ በደስታ ይሰጣል።

መደብ

የመደብ ስፋት ከአንድ ሜትር እስከ 1.20 ይሁን፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሃል መድረስ አለበት። በመካከል 40 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዉ። በመረሬ ላይ መደቡ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በቀይ አፈር 10 ይበቃዋል። አንድ አካፋ ልክ፣ ማለትም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈርና ጓሉ ይሰበራል። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሙሉ የበሰለ ፍግ ይበተንና ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ጋር ይደባለቃል። የበሰለ ማለት ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ፣ ሽታው የጠፋ፣ ሲይዙት እንደ አፈር የሚፈረፈር ነው። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል፤ ከብቱ የበላውን የሣር ዘርም ይዞ ይመጣል። ካሮት በሚዘራበት መደብ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ካሮቱ ሁለትና ሦስት እግር ያወጣል።

የእንጨት አመድ ለቀይ አፈር ይበጃል፤ ኮምጣጣነቱን ያበርድለታል። በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ ይበቃል። ለመረሬ አያስፈልገውም።

መደቡ ሲያልቅ አንድ ባልዲ ውሃ መሃሉ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ከሄደ መደቡ አልተስተካከለም፤ ዘሩም እዚያው ጫፍ ላይ ተጠርጎ ይከማቻል።

ችግኝ ማፍላትና ማዛወር

ዘር ከመዝራት በፊት ሃያ ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉና ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። በሳምንቱ ከአሥራ አራት በታች ከበቀለ ዘሩ አርጅቷል። የቀይ ሽንኩርት ዘር ከሁሉም ቶሎ ያረጃል፤ ካቻምና የተገዛ ከሆነ ሳይፈተን አይዘራ።

ለችግኝ መደብ ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ የተነፋ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ይደባለቃል። መስመሩ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ጥልቀቱ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ለሰላጣ የዚያ ግማሽ ነው። በደረቅ ሣር ይሸፈንና በጥሩ ወንፊት ውሃ ይጠጣል። የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ብቅ ባሉበት ዕለት ሣሩ ይነሣ፤ አንድ ቀን ቢያድር ቡቃያው ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና ቀጭን ይሆናል። ችግኞቹ ከአፈሩ ጋር በሚገናኙበት ላይ እንደ ክር ቀጥነው እየወደቁ ካዩ አፈሩ በጣም እርጥብ ነው፣ ወይም ዘሩ ተፋፍጓል። የወደቁትን ከነአፈራቸው ያውጡ፣ የቀሩትን ያሳሱ፣ ውሃውንም ጠዋት ብቻ ያድርጉት።

ቲማቲም በ30 እስከ 35 ቀን፣ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። ቀይ ሽንኩርት ከ45 እስከ 55 ቀን ይፈልጋል፤ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ይሁን። ለዚህ ነው ዘሩ በነሐሴ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ የሚዘራው። ያ ጊዜ ካለፈ ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ይሻላል። ሲገዙ ቁመቱ አያጓጓዎ፤ አጠር ብሎ ግንዱ ወፈር ያለውን ይምረጡ፣ ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩ ይመልከቱ፣ አበባ የጀመረውን ይተዉት።

የሚዛወረው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም በደመና ቀን ነው። ከመዛወሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ችግኙ ይጠጣ። ሲይዙት በቅጠሉ እንጂ በግንዱ አይሁን፤ ቅጠል ቢጎዳ ሌላ ያወጣል፣ ግንድ ከተቀጠቀጠ ግን አበቃ። ቲማቲም እስከ መጀመሪያው ቅጠል ድረስ ይቀበር፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ጎመንም እንዲሁ ጠለቅ ይበል። ሽንኩርት ከ3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፣ ራስ መያዝ አይችልም። የሰላጣ እምብርት ደግሞ ከአፈር በላይ ካልሆነ ይበሰብሳል። ለሦስትና ለአራት ቀን ቅጠላም ቅርንጫፍ ሰክተው ያስጠልሉለት።

ምን፣ በምን ያህል ርቀት

ቲማቲም የዚህ ወቅት ዋና አትክልት ነው፤ በክረምት ቢተከል ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ይጠቁራል፣ አሁን ግን ያምርበታል። በመስመሮች መካከል አንድ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይስጡት። መደገፊያው እንጨት 1.50 ሜትር ሆኖ ከችግኙ በፊት ይተከል፤ በኋላ ሲመቱት ሥር ይቆርጣል። የሚታሰረው በጨርቅ ቁራጭ፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ ተደርጎ ነው። ረጃጅም ዝርያዎች በቅጠልና በግንድ መካከል የሚያወጡት ቅጥያ 5 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን በጣት ይቀነጠስ። እንደ ሮማ ያለው አጭር ዝርያ ቅንጠሳ አይፈልግም፣ ፍሬውን ይቀንስበታል።

የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ወደ ውስጥ ከገባ ብዙ ሰው መድኃኒት ይረጫል። ተባይም ተላላፊ በሽታም አይደለም፤ ውሃው አንድ ሳምንት በዝቶ ሌላ ሳምንት ስለሚቋረጥ ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። እኩል እኩል ማጠጣትና ጉዝጓዝ ይበቃዋል።

ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ከጠወለገ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከግንዱ ሥር የጣት ርዝመት ያህል ቆርጠው በጠራ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክረው ይያዙ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁርጡ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች መውረድ ከጀመረ አጠውላጊው ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉ ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ወጥቶ ይቃጠል፤ ዶማውም በበረኪና ይታጠብ። በዚያ መደብ ላይ ለብዙ ዓመት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አይተከል፤ ሽንኩርት፣ ጎመን ወይም ካሮት ይግባበት። ብርጭቆው ውስጥ ምንም ካልታየ አፈሩን ገለጥ አድርገው ሥሩን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ፍልፈል ወይም ትል ይገኛል።

ቀይ ሽንኩርት በመስመር መካከል 20፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ቦምቤ ሬድ ቶሎ ለሚደርስ ጓሮ ይስማማል። ነጭ ሽንኩርት ከራሱ ዳር ያለው ትልልቅ ጥርስ ተመርጦ፣ ቂጡ ወደ ታች፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይተከላል። ጥቅል ጎመን 60 በ40 ይፈልጋል፣ ካላገኘ አይጠቀልልም። ካሮት መደቡ ላይ ራሱ ይዘራል እንጂ አይዛወርም። ሲበቅል በ5 ሳንቲ ሜትር ልክ ይሳሳ፤ ማሳሳት የሚያሳዝነው ሰው የጣት ያህል እንኳ የማይሞላ ካሮት ያነሣል። ቀይ ሥር አንዷ ፍሬ ብዙ ቡቃያ ታወጣለችና እሱም አንድ አንድ ሆኖ ይቅር። ቆስጣና የሀበሻ ጎመን የታች ቅጠላቸው እየተቀነጠበ እስከ በጋ መጨረሻ ያበላሉ።

ድንች በጥቅምት መትከል ብዙ ሰው ይሞክራል። ጓሮው ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ከሆነ ባይሞከር ይሻላል፤ ልክ ሲያብብ ውርጭ ይደርስበታል።

ጤና አዳም፣ ሮዝመሪና ጦስኝ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ያላበበ ቁራጭ ይባዛሉ። የታችኛው ግማሽ ቅጠሉ ተገፎ አሸዋ በበዛበት አፈር ይሰካና ጥላ ሥር ይቆያል። ጽጌረዳም አሁን ይገረዛል፦ የደረቀውና የተጣበቀው መጀመሪያ ይወጣል፣ ከቀረው ሲሶው ወደ ውጭ ካየ ዓይን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል።

ውሃና ጉዝጓዝ

ከጥቅምት በኋላ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በሳምንት ከ25 እስከ 30 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ከአንድ ጀሪካን ትንሽ የሚበልጥ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ማጥገብ ይበልጣል፤ ትንሽ ውሃ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራውና ለፀሐይ ያጋልጠዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተራው ሲደርስ በርሜል መሙላት ግድ ነው። ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ያጠጡ። ለዱባና ለቲማቲም ክዳኑ በመርፌ የተበሳ፣ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ተዘቅዝቆ ከሥሩ አጠገብ ቢቀበር ውሃው አይባክንም።

ጉዝጓዝ የውሃውን ልፋት በእጅጉ ያቀላል። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ሲደርቅ አይጣል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ መደቡ ላይ ይንጠፍ፣ ከግንዱ ግን አራት ጣት ይራቅ። በመረሬ ላይ ይህ የግድ ነው። ካልተሸፈነ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሥሩን ይበጥሳል፣ እርጥበቱንም ያወጣዋል።

ተባይ

ቀንድ አውጣ ከክረምቱ በብዛት ይወጣል። ማታ በባትሪ እየለቀሙ የሳሙና ውሃ ውስጥ መክተት ሦስት ቀን ከተሠራ ወረርሽኙ ይቀንሳል። አመድ በዙሪያው መበተን የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ብቻ ነው። ጠዋት ሲወጡ ችግኝ ከሥሩ ተቆርጦ ተጋድሞ ካገኙ ቆራጭ ትል ነው። አጠገቡ ያለውን አፈር በጣት ጫር ጫር ሲያደርጉ ተጠቅልሎ ይገኛል። ለቀሩት ከሃይላንድ የተቆረጠ ቀለበት ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ አፈር ገብቶ ግንዱን ይክበብ።

ለክሽክሽ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው አመሻሹ ላይ የቅጠሉን ሥር ይርጩ፤ በአምስተኛው ቀን ይድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

ውርጭ

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ያስፈራል። ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና አጥር ካገኘ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ከታችኛው አጥር ጥግ ይራቁ፤ ቀን ፀሐይ የሚሞቀው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሥር ይሁኑ። ጎመን፣ ሽንኩርትና ካሮት ይችሉታል። እንዲህ ያለ ማታ ሲጠበቅ ቀን ላይ አፈሩ ይጠጣ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛልና። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይሸፈን፣ ጨርቁ ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይገለጣል። የተቃጠለ ቅጠል ካለ ወዲያው አይቆረጥ፤ ሁለት ሳምንት ይቆይና የሚያቆጠቁጠው ከየት እንደሆነ ሲታይ ከዚያ በላይ ያለው ይወገዳል።